የቡርሃን ፈቃድ

ጭሮ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ውድ ዳጊ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እኛ ደህና ነን። እናትህ ጉልበታቸውን ብርድ ሲሆን ያማቸዋል እንጂ ትናንትም ገበያ ወጥተው ነበር። ኢያኤል ደግሞ አራተኛ ክፍል ከገባች ወዲህ ትልቅ ሰው የሆነች መስሏት እኔን ማረም ጀምራለች።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ስለዘጋህብኝ አልተቀየምኩም። ማታ ተቀይሜ ነበር፣ ጠዋት ለቀቀኝ። ስልክ ላይ ሁለታችንም ችኩል ስለሆንን መልሴን በጽሑፍ በቴሌግራም ልኬልሃለሁ። ተረጋግተህ አንብበው።

አዎ፣ ብሩኬ ጋ ሄጃለሁ። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት «ጉዳይ አስፈጻሚ» የሚል በተጻፈባት ክፍሉ ውስጥ አስቀምጦ ሻይ አዘዘልኝና፣ «እህቴ፣ ይኼ እኮ ቀላል ነው» አለኝ። «የልጅቷ አባት የለም አይደል? ሦስት ምስክር እናቆማለን። ሞቷል ይላሉ፣ የሞት ወረቀት ይወጣል፣ አለቀ።»

«ሞቷል እንዴ?» አልኩት።

«እኔ በምን አውቃለሁ? አንቺ ታውቂያለሽ?»

አላውቅም። ሻዩን ሳልጨርስ ተነሥቼ ወጣሁ።

ዳጊ፣ እስቲ ነገሩን አብረን እንየው። ሚስትህ መሆኔን ማንም አልተጠራጠረም። የቤተ ክርስቲያኑንም የማዘጋጃ ቤቱንም የጋብቻ ወረቀት ተቀብለውታል። ከካናዳ ኢሚግሬሽን ቢሮ የመጣው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው። ኢያኤል አብራኝ እንድትሄድ የወለዳት አባቷ መስማማቱን በፊርማው ያረጋግጥ፣ ወይም ፍርድ ቤት ልጅቷን ለእኔ ብቻ መወሰኑ ይታይ ነው የሚሉት። ደብዳቤውን መጀመሪያ ሳነበው እኔም እንዳንተ ተናድጄ ነበር። ያላሳደጋት ሰው ምን አገባው ብዬ። ከዚያ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ቡርሃንን ካየሁት ሰባት ዓመት አልፎኛል። ሂርና ሳስተምር አብረን መኖራችንን፣ ኢያኤል ከተወለደች በኋላ በሃይማኖት ምክንያት የሱም የእኔም ቤተሰብ አላስቀምጥ ማለቱን፣ እሱ በጅቡቲ አድርጎ ሳውዲ መሄዱን ሳንጋባ ነግሬሃለሁ። «የት እንዳለ አላውቅም» ብል ውሸት አይደለም። ግን ፈልጌው አላውቅም።

እኔ ክፍል ውስጥ ተማሪ ሲኮርጅ ወረቀት የምቀማ ሰው ነኝ። ሰኞ ወረቀት ቀምቼ ማክሰኞ ብሩኬ ጋ ልሄድ ነው?

ቅዳሜ ሂርና እወርዳለሁ። ካገኘሁት እጠይቀዋለሁ፣ ካጣሁት ደግሞ መፈለጌን ለፍርድ ቤት በእውነት እናገራለሁ። አትቆጣ። ብርዱ ገብቷል ብለሃልና ጆሮህን ሸፍን።

ያንተው ሳህሊቱ


ዊኒፔግ፣ ካናዳ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2016 ዓ.ም.

ሳህሊዬ፣

አልቀናሁም። እሺ፣ ትንሽ ቀንቻለሁ። በአጭር መልእክት «ቀንተህ ነው?» ብለሽ ስለጠየቅሽኝ በቀጥታ መመለስ ይሻላል ብዬ ነው።

ስለዘጋሁብሽ ይቅርታ። የዚያን ዕለት ከአየር ማረፊያ መመለሴ ነበር። ተስፋዓለም፣ አብሮኝ ጋራዥ የሚሠራው፣ ሚስቱ ገባችለት። አበባ ይዤ አብሬው ቆሜ ነበር። ከበሩ ስትወጣ ሮጦ አቀፋት፣ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ከዚያ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ሞተሩን ሳላስነሣ ብዙ ቆየሁ።

ተስፋዓለም ያመለከተው ከእኛ በኋላ ነው። እኛ የተጠየቅነውን ሁሉ ሰጥተን እንጠብቃለን። እሱ ግማሹን ወረቀት ያሠራው የት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ታዲያ ፍትሑ የቱ ጋ ነው? ሥርዓት የጠበቀ የሚቆም፣ ያልጠበቀ የሚያልፍ ከሆነ ሥርዓት የተሠራው ለማን ነው? ይኼን ስልሽ ለመጣላት አይደለም። መልስ ካለሽ በእውነት መስማት ስለምፈልግ ነው።

ሌላው ፍርሃቴን ልንገርሽ። ቡርሃን ቢገኝና እምቢ ቢልስ? ዛሬ የሌለ ሰው ነው። ፈልገሽ ካገኘሽው በኋላ ግን መልሰሽ ልታጠፊው አትችዪም። አንድ ቃል ተናግሮ ልጅቷን ሊያስቀርብሽ ይችላል። አንቺ ደግሞ ያለ እሷ አትመጪም፣ ብቻዬን ልምጣ ብትዪኝም እሺ አልልሽም።

እባክሽ ሂርና አትሂጂ። ስለ ብሩኬም አታስቢ፣ እሱን ለእኔ ተዪው።

ለእማዬ ጉልበት የሚሆን ቅባት በሰው ልኬያለሁ። ኢያኤልን ሳሚልኝ።

ዳግማዊ


ጭሮ፣ ኅዳር 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ዳግማዊ፣

ሄጄ ተመልሻለሁ። አትሂጂ ያልከው መልእክትህን ያነበብኩት ሚኒባስ ውስጥ ግማሽ መንገድ ላይ ነው። አልወረድኩም።

የቡርሃን ታላቅ ወንድም ቡሽራ ከዋናው መንገድ ዳር ጎሚስታ ከፍቷል። ስደርስ የአንድ አይሱዙ ጎማ ፈትቶ ሲለጥፍ ነበር። ገና ሲያየኝ አወቀኝ፣ ሰላም ግን አላለኝም።

«መጣሽ? ምስክሮችሽን ልትቆጥሪ ነው?» አለኝ።

«የምን ምስክር?»

«ባለፈው ከጭሮ አንድ ሰው መጥቶ ነበር። ቡርሃን ሞቷል ብሎ የሚፈርምለት ሰው ይፈልጋል። እኔን ራሴን ጠየቀኝ! ወንድሙ መሆኔን ሳያውቅ! ወላሂ፣ አሁን አንቺ የቆምሽበት ቦታ ላይ ቆሞ።»

ምን እንደምለው ሳስብ ከአይሱዙው ሥር አንድ ሰው እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ። ከስቷል፣ ጠቁሯል። ድምፁን ባልሰማ አላውቀውም ነበር።

«ልጄ ደህና ናት?» አለኝ ቡርሃን።

«ደህና ናት።»

«አልሐምዱሊላህ። ከሳውዲ ከተመለስኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ትምህርት ቤቷ የት እንደሆነ አውቃለሁ። ባዶ እጄን እንዴት እመጣለሁ እያልኩ ነበር።» ከዚያ ለምን እንደመጣሁ ጠየቀኝ። ያመጣኝን ጉዳይ አንድም ሳልደብቅ ነገርኩት። እስክጨርስ አዳመጠኝና፣ «ሞቷል ያላችሁት ሰው እንዴት አድርጎ ይፈርማል?» አለ። አልጮኸም። ዕቃውን ሰብስቦ መልሶ መኪናው ሥር ገባ።

ጭሮ እንደገባሁ ቤት ሳልሄድ ብሩኬ ጋ ሄድኩ። «ባለቤትሽ ቀጥል ብሎኝ ነው እኮ» አለኝ፣ ንብረቱን እንደተቀማ ሰው አኩርፎ። እናትህም ሲያዩኝ ዓይናቸውን መለሱ። ስለዚህ እሳቸውም ያውቁ ነበር። ሦስታችሁ ስታውቁ እኔ ብቻ አላውቅም።

ፍትሑ የቱ ጋ ነው ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። እኔንጃ። ያ ሰው ከመኪና ሥር ወጥቶ መጀመሪያ የጠየቀው ግን ስለ ልጁ ነው።

ለጊዜው አትደውልልኝ።

ሳህሊቱ


ዊኒፔግ፣ ኅዳር 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ሳህሊ፣

የላክኋቸውን አጫጭር መልእክቶች እንዳየሻቸው አውቃለሁ፤ ስላልመለስሽልኝ አልፈርድብሽም። አትደውል ስላልሽኝ አልደወልኩም። ይኼንንም ለማንበብ አትቸኩዪ።

አልክድም። ብሩኬን ቀጥል ያልኩት እኔ ነኝ። እማዬን አንቺ እንዳትሰሚ ብዬ ዝም ያሰኘኋትም እኔ ነኝ፣ እሷን አትውቀሻት። ለአንቺና ለልጅቷ ብዬ ነው እንዳልል ያንንም ሳስበው አፈርኩ። ለራሴ ነው። ባዶ ቤት መግባት ሰልችቶኛል።

ብሩኬ ሁሉንም ነገር እንዲያቆም ነግሬዋለሁ፣ በጽሑፍም አረጋግጦልኛል። ምንም ወረቀት አልወጣም፣ የትም አልገባም። ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ከሌላ ሰው እንዳትሰሚው ልንገርሽ። የሂርናውን ጎሚስታ ስልክ አፈላልጌ ደወልኩ። ቡሽራ አንሥቶ ማንነቴን ሲሰማ ሰደበኝ። ስድቡን ሲጨርስ ግን ስልኩን ሰጠው።

«ቡርሃን ነኝ። ማን ልበል?»

«ዳግማዊ እባላለሁ። የሳህሊቱ ባለቤት ነኝ።»

ከኋላው የመኪና ጥሩንባ ይሰማኛል። «አንተ ነህ የገደልከኝ?» አለኝ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኩት። «ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የደወልኩት።»

ሳህሊ፣ ሰውየው ሳቀ። «የሞተ ሰው ስልክ ሲያነሣ አልፈራህም?» አለኝ። ፈርቻለሁ አልኩት፣ እውነቴንም ነበር። ከዚያ ሳቁን ተወና እንዲህ አለኝ፦ «ሳውዲ እስር ቤት እያለሁ የምፈራው አንድ ነገር ነበር። እዚያ ሞቼ አገሬ ሳይሰማ እንዳልቀር ነው። አላህ አትርፎኝ ቤቴ ገባሁ። እናንተ ደግሞ ቤቴ ቁጭ ባልኩበት በወረቀት ልትቀብሩኝ!»

እኔም የተሰደድኩ ሰው ነኝ። የእኔ መንገድ በአውሮፕላን ስለነበር ብቻ ነው ልዩነቱ። ስለ ፊርማው አንድም ቃል አላነሣሁም። ልጅህን ማየት ብትፈልግ የእናቴ ቤት ክፍት ነው አልኩት። ይኼን ሳላማክርሽ በመናገሬ ደግሞ ሌላ ይቅርታ።

እሱ ባይፈርም እንኳ እንዳደረግሁት ደስ ብሎኛል። ባይፈርም ምን እንደምንሆን ግን አላውቅም።

ዳግማዊ


ጭሮ፣ ጥር 15 ቀን 2016 ዓ.ም.

ዳጊ፣

እንኳን ለጥምቀት በሰላም አደረሰህ። ዝምታዬ መርዘሙን አውቃለሁ። ይቅር ያልኩህ ደብዳቤህን ባነበብኩ በሳምንቱ ነው፤ ልነግርህ ግን እልህ ያዘኝ። አሁን ነገርኩህ፣ ደግመህ አትጠይቀኝ።

ለጠየቅኸኝ፣ አዎ ቡርሃን መጥቷል። ትናንት ምሳ ሰዓት ላይ፣ ታጥቦ በተተኮሰ ሸሚዝ። እናትህን ብታያቸው! በሃይማኖቱ የእኛን ሥጋ አይበላምና ጾም ሳይሆን የጾም ሠርተው ጠበቁት። ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ሽሮው፣ ድንቹ። ሲገባ ተነሥተው፣ «ልጄ፣ አንተን በመበደሉ እኔም ነበርኩበት። አውቄ ዝም አልኩ» አሉት። እሱም ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሊስም ሲል፣ «ተው፣ እሱ ጉልበት ያመኛል» አሉና ሁላችንም ሳቅን። ባይሉ ኖሮ እንዴት እንደምንቀመጥ አላውቅም።

ለኢያኤል ቀደም ብዬ ነግሬያት ነበር። በሩ ላይ ቆማ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«አባቴ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን ቆየህ?»

ቡርሃን ወደ እኔ አየ። እኔ ልረዳው አልቻልኩም። ከዚያ በኦሮምኛ ጀመረ። ኢያኤል ኦሮምኛውን ሰፈር ውስጥ ከልጆች ጋር አድጋ እንደ ውኃ ትጠጣዋለች። እኔ የደሴዋ ይኼን ሁሉ ዓመት ኖሬም ገበያና ሰላምታ ላይ ነኝ። ሲያወሩ ግማሹ አመለጠኝ። እየጠየቀች፣ እየመለሰ፣ አንዴ እያለቀሰች፣ ቆይታ እየሳቀች። ልጄ እኔ በማልገባበት ቤት ውስጥ የገባች መሰለኝ። ልዋሽህ አልችልም፣ ቀናሁ። አንተም ቀንተህ ነግረኸኝ የለ?

ሲወጣ በሩ ላይ፣ «ሳህሊቱ፣ ፊርማውን አሁን አትጠይቂኝ» አለኝ። «መጀመሪያ ልጄን ልወቃት። የማላውቃትን ልጅ እንዴት አድርጌ ፈቀድኩ እላለሁ? ረመዳን ይለፍ፣ ከዚያ እንነጋገር።»

ረመዳን እስኪያልፍ የካናዳው ቢሮ የሰጠን ጊዜ ያልቃል። ይኼን አስቤ ሌሊቱን ሙሉ ስብሰለሰል አደርኩ። ቢሆንም የጠየቀው ተገቢ ነው። ለቢሮው እውነቱን እንጻፍላቸው። አባትየው ተገኝቷል፣ ገና አልወሰነም፣ ከልጁ ጋር ለመተዋወቅ ጊዜ ጠይቋል፣ እባካችሁ ጠብቁን እንበላቸው። እምቢ ካሉ ማመልከቻው ሊዘጋ ይችላል። አብረን እንወስን ብዬ ነው፣ ከዚህ በኋላ ለብቻ የሚወሰን ነገር አይኑር።

ሳህሊቱህ


ዊኒፔግ፣ የካቲት 27 ቀን 2016 ዓ.ም.

ሳህሊዬ፣

መልሱ መጣ! ስልክ ላይ ጮኼ ስለነገርኩሽ ያልሰማሽው ካለ ልድገመው። እስከ ሰኔ መጨረሻ ጊዜ ሰጥተውናል። መልሱ ሦስት መስመር ነው፣ ቁጣም ማሞገስም የለበትም። «ማብራሪያችሁ ደርሶናል» ይላል። እኔ ግን እንደ ፍቅር ደብዳቤ ደጋግሜ አነበብኩት።

ያን ማብራሪያ የጻፍን ቀን ተስፋዓለም አይቶኝ፣ «ሰው ያልተጠየቀውን ይናገራል? ቂል ነህ!» ብሎኝ ነበር። እኔም ሌሊቱን ሙሉ ቂል መሆኔን ስመዝን ነበር ያደርኩት። አሁንም ያልተመለሰልኝ ነገር አለ። እውነት ስለተናገርን አይደለም ጊዜ የሰጡን፣ የሚሰጥ ጊዜ ስለነበራቸው ይሆናል። ሌላ ሠራተኛ አይቶት ባይሰጠንስ ኖሮ? ቢሆንም አሁን በር ሲንኳኳ አልደነግጥም።

ያልነገርኩሽ አንድ ወሬ አለኝ። ቡርሃን ራሱ ደውሎልኝ ነበር፣ ዓርብ ከስግደት በኋላ። መጀመሪያ ስለ በረዶው ጠየቀኝ፣ ሰው እንዴት እንደሚኖርበት። ቀጥሎ ትምህርት ቤቱ ሩቅ ነው ወይ አለ። ከዚያ ዋናውን አመጣው፦

«ስሟን ትቀይሩታላችሁ?»

«አንቀይርም። ኢያኤል ቡርሃን ናት።»

«ስሜን በክፉ ታነሡብኛላችሁ?»

«እኔ ቤት ውስጥ ስምህ በክፉ አይነሣም» አልኩት።

ከዚያ፣ «እሷ አንተን ማን ብላ ትጠራሃለች?» አለኝ። ሳህሊ፣ ከተጋባን ጀምሮ «አባዬ» እንድትለኝ ስመኝ እንደነበር ታውቂያለሽ። «ዳጊ ትበለኝ» አልኩት። ስናገረው ከበደኝ፤ ከተናገርኩት በኋላ ግን ቀለለኝ። እሱም፣ «አንተ ሰው ነህ» ብሎ ዘጋው። በሂርና አነጋገር ይኼ ምን ያህል እንደሆነ አንቺ ትነግሪኛለሽ።

ዳጊ


ጭሮ፣ ግንቦት 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ዳጊዬ፣

በስልክ «አለቀ» ብቻ ብዬህ ዘጋሁት፤ እያለቀስኩ ስለነበር ነው። እንዴት እንደሆነ ሁሉንም ልነግርህ ቃል ገብቼልሃለሁ።

ቡርሃን ከኢድ ወዲህ በየሳምንቱ እሑድ ይመጣ ነበር። አንዳንዴ ኢያኤልን ሂርና ወስዶ ከአያቷና ከአጎቶቿ ጋር አውሎ ማታ ሳይመሽ ይመልሳታል። ባለፈው ወር አንድ እሑድ ሲመልሳት በሩ ላይ ቆመና፣ «እፈርማለሁ» አለኝ። «ግን ብሩኬ ጋ አይደለም። ዳኛ ፊት ነው የምፈርመው። ሰው ይይ።»

ፍርድ ቤቱ በኦሮምኛ ነው የሚሠራው፣ ለእኔ አስተርጓሚ ተሰጠኝ። ዳኛዋ ሴት ናቸው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ የሚያደርጉ። ቡርሃንን አስነሥተው፣ «ተገደህ ነው የመጣኸው?» አሉት። አልተገደድኩም አለ። «የተሰጠህ ነገር አለ?»

«የለም ክብርት ዳኛ። ምሳ ግን በልቻለሁ።»

ችሎቱ ሳቀ። ዳኛዋ አልሳቁም፣ ግን ቀና ብለው በደንብ አዩት። «እንግዲያው ለምን ትፈቅዳለህ?» አሉት። እሱ ሲመልስ አስተርጓሚው ቀስ እያለ ነበር የነገረኝ፦ «እኔ ስሄድ ማንም ሰው ሂድ አላለኝም፣ ማንም ሰው የት እንደምሄድ አያውቅም ነበር። ልጄ ስትሄድ አባቷ እያወቀ፣ እናቷ እጇን ይዛ፣ በበር ትሂድ።»

እኔ አለቀ ብዬ ስነሣ ዳኛዋ እጃቸውን ወደ ኢያኤል ዘረጉ። «አቲ ሆ?» አሏት። አንቺስ ማለታቸው ነው። ይኼን ያህል እንኳ ኦሮምኛ አውቃለሁ።

ዳጊ፣ ደነገጥኩ። እኔ፣ አንተ፣ ቡርሃን፣ እናትህ፣ ቢሮው፣ ተስፋዓለም ሳይቀር፣ ይኼን ሁሉ ጊዜ ስለ ልጅቷ ስንከራከር «አንቺስ» ያላት ሰው አልነበረም። እሷም እንደ ትልቅ ሰው ጉሮሮዋን ጠረገች። መሄድ እፈልጋለሁ አለች። ግን አባቴን አሁን ነው ያገኘሁት፣ ትምህርት ሲዘጋ በክረምት እየመጣሁ እሱ ጋ ልሁን፣ ዓርብ ዓርብ ደግሞ ይደውልልኝ አለች። ዳኛዋ እናንተስ ትስማማላችሁ ብለው ሁለታችንንም ጠየቁን። ተስማማን። በየዓመቱ ነው ወይ ብለው ሲጠይቁ እኔ ያንተን አቅም አስቤ ቢያንስ በሁለት ዓመት አንዴ አልኩ። ኢያኤል ገላመጠችኝ። እንደዚያው ተብሎ ተጻፈ፣ ቡርሃን ፈረመ።

ከፍርድ ቤቱ ስንወጣ ባጃጅ ጠርቶ አሳፈረንና እሱ በእግሩ ወደ መናኸሪያው ሄደ። ዞር ብሎ አላየም። ኢያኤል በባጃጁ የኋላ መስኮት እስኪሰወር ታየው ነበር።

የፍርድ ቤቱን ውሳኔ አስተርጉሜ ልኬልሃለሁ። ሰኔ ሳይገባ አስገባው።

ሳህሊቱ


ዊኒፔግ፣ ጥቅምት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሳህሊዬ፣ ኢያኤልዬ፣

ቪዛው ታተመ ብላችሁ የፓስፖርቱን ፎቶ ስትልኩልኝ መኪና ሥር ነበርኩ። ስወጣ ግንባሬን ገጨሁት። እብጠት ይዤ ልቀበላችሁ ነው፣ እንዳትደነግጡ።

ለጠየቅሽኝ፣ ወፍራም ልብስ ከዚያ አትግዙ። ሁለት ካፖርት አዘጋጅቻለሁ፣ ኤርፖርት ይዤ እመጣለሁ። መጽሐፍና ፎቶ ብቻ ያዙ።

አዎ፣ ክረምቱን አልረሳሁም። ኢያኤል እዚህ ክረምት ሲባል የበረዶ ጊዜ መሆኑን ስትሰማ እንዳትደነግጥ ንገሪያት። ትምህርት የሚዘጋው እዚህም በሐምሌ ነው። ቢያንስ ያልሽው በሁለት ዓመት ነው፣ እኔ ግን ዘንድሮ የሥራ ሰዓት እየጨመርኩ ነውና የመጀመሪያ ጉዞዋን ቀደም እናደርገው ይሆናል። ለቡርሃን እስክናረጋግጥ አትንገሩት።

ተስፋዓለም ሚስቱን ይዞ ትናንት መጥቶ ነበር። ደስተኛ ናቸው፣ ልጅም ሊወልዱ ነው። ማንም አልነካቸውም። ግን የመንግሥት ፖስታ በመጣ ቁጥር ሁለት ቀን ሳይከፍቱት እንደሚያስቀምጡት ነገረችኝ። ሳልወድ አዘንኩላቸው። ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ እነሱም እንደኔ መጠበቅ የሰለቻቸው ናቸው።

እማዬን ስትሰናበቺ ብዙ አታልቅሺባት፣ ከሄዳችሁ በኋላ ብቻዋን ናት። ቡርሃን እሑድ እሑድ እየመጣሁ አያታለሁ ብሎኛል።

ቀኑን በጣቴ እየቆጠርኩ ነው።

ዳጊያችሁ


አዲስ አበባ፣ ቦሌ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዳጊዬ፣

አሁን ከበሩ ውስጥ፣ መሳፈሪያው አዳራሽ ነን። አውሮፕላኑ እስኪጠራ ይኼን ልጻፍልህ። ስለ ቡርሃን ጠይቀኸኝ ነበር፣ እሱና ኢያኤል እንዴት ተለያዩ ብለህ። ጭሮ መናኸሪያ ድረስ መጣ። ሻንጣችንን ራሱ አውቶቡሱ ላይ ጫነ፣ ገመዱን ሁለቴ አጠበቀው። ኢያኤልን አቅፎ በጆሮዋ የሆነ ነገር አላት። ምን እንደሆነ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ለእኔ፣ «ሳህሊቱ፣ አፉ በይኝ» አለኝ። እኔም ይቅር ብዬሃለሁ፣ አንተም አፉ በለኝ አልኩት።

የሆነውን ግን ልንገርህ። ፓስፖርት የሚያዩት ጋ ስንደርስ አንዲት ጠና ያለች ሴት የኢያኤልን ፓስፖርት ይዛ ቆየች።

«የልጅቷ አባት የት ነው?»

የፍርድ ቤቱን ውሳኔ ከነትርጉሙ አወጣሁላት። በጥሞና አነበበችው። ከኋላችን ሰልፉ ረዝሟል። «ፈቅዷል ይላል» አለች ለራሷ በሚመስል ድምፅ። «ይኼ ሰው አሁን የት ነው የሚገኘው?»

ኢያኤል ቀደመችኝ። «ሂርና ነው። ልደውልለት?»

ሴትዮዋ መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥላ እኔን አየችን። «እስቲ ደውዪ» አለች።

ልጅቷ ስልኬን ተቀብላ ቁጥሩን ሳታይ መታችው። ድምፁን ከፈተችው። ሁለቴ ጮኸ፣ ሦስቴ ጮኸ።

«ኢያኤል?» አለ ቡርሃን። ከኋላው መኪና ያልፋል፣ ሰው ይጣራል።

«ከኢሚግሬሽን ነው የምናነጋግርህ» አለች ሴትዮዋ። «ልጅህ ከአገር ልትወጣ ነው። ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ እንጂ!» አለ። «ልጄ ናት። ፈቅጄላታለሁ። ደርሳችሁ ነው?»

ሴትዮዋ ማኅተሙን መታችበት። ፓስፖርቱን ስትመልስ «እግዜር ያግባችሁ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ ቀጣዩን ሰው ጠራች። እኔ ወረቀቶቼን ስሰበስብ ኢያኤል ስልኩን ከጆሮዋ ጋር አድርጋዋለች። ስለ ደረጃው፣ ራሱን ችሎ ስለሚሄደው ደረጃ፣ በመስታወቱ ስለሚታዩት አውሮፕላኖች በኦሮምኛ ትነግረዋለች። በሩን እያወራች አለፈች። አሁንም አጠገቤ እያወራች ነው፣ ዝጊ ማለት አልቻልኩም።

እየጠሩን ነው።

ሳህሊቱ